የሞተር ሳይክል ዊንድሺልድ ዲፍሌክተር፦ የቱ ለማን ይሆናል?

ሞተር የሚነዳ ሰው ሁሉ ስለ ንፋስ ያማርራል። ቅሬታው ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ንፋሱ ደረቴን ሲገፋኝ ውሎ ክንዴ ዛለ» ይላል። ሌላው «ጭንቅላቴን ሲንጠኝ ዋለ፣ ሄልሜቴ ይርገበገባል፣ የፊት መኪና ታርጋ እንኳን ማንበብ አቃተኝ» ይላል። የመጀመሪያው ሰው ንፋስ በዝቶበታል። ሁለተኛው ግን የበዛበት ንፋስ አይደለም፤ የሚመታው የተበጠበጠ ንፋስ ነው። ለመጀመሪያው የሚሆነው ዕቃ ሁለተኛውን ጭራሽ ሊያብስበት ይችላል። ስለዚህ ዋጋና ማርካ ከማየታችሁ በፊት ከሁለቱ የትኛው እንደሆናችሁ ለዩ።

ዲፍሌክተር የምለው ከዊንድሺልዱ ጫፍ ላይ የሚቆነጠጥ ወይም የሚለጠፍ ትንሽ ተጨማሪ ክንፍ ነው። አንዳንዱ የመዳፍ ስፋት ብቻ አላት። ፎቶዋን ሲያዩ «ይቺ ምን ታደርጋለች?» ያሰኛል። ቦታዋን ካገኘች ብዙ ታደርጋለች፤ ካላገኘች ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው።

በምሳሌነት ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650ን ልያዝ። እዚህ አሜሪካ በሰፊው የሚነዳ፣ ያገለገለውም በደህና ዋጋ የሚገኝ ሞተር ነው። ደግሞ በጭንቅላት መናጥ ስሙ የወጣ ነው። ሌላው ነገሩ አይታማም፤ ጠንካራ ነው፣ ረጅም መንገድ ይወዳል፣ ነዳጅም አይጨርስም። የፋብሪካው መስታወት፣ ማለትም ዊንድሺልዱ ላይ ሲደረስ ግን ብዙው ነጂ ፊቱን ያኮሳትራል። መስታወቱ ሦስት ከፍታ አለው፤ ለመቀየር ብሎን መፍታት ያስፈልጋል፤ ሦስቱም ቦታ ላይ ለመካከለኛና ለረጅም ሰው የንፋሱ ጫፍ ሄልሜት ላይ ያርፋል። በዚህ ምክንያት ብቻ ለዚህ ሞተር የተሠራው የመስታወት መለዋወጫ ዓይነቱ ብዙ ነው።

ንፋሱ ምን እየሠራ ነው?

አየሩ ዊንድሺልዱን ሲመታ ወደ ላይና ወደ ጎን ይከፈላል። ከመስታወቱ ኋላ፣ ማለትም እናንተ የተቀመጣችሁበት ቦታ ላይ፣ ግፊቱ ይቀንሳል። ከላይ ያለፈው አየር ወደዚያ ጎደሎ ቦታ ለመግባት ይጣደፋል፤ ሲገባም እየተጠቀለለ ነው። ወንዝ ውስጥ ትልቅ ድንጋይ ካለ ውሃው ፊት ለፊቱ ጸጥ ብሎ መጥቶ ከኋላው እንደሚሽከረከረው ማለት ነው። ጭንቅላታችሁ እዚያ ሽክርክሪት ውስጥ ከገባ አለቀ፤ ግራ ቀኝ ይንጣችኋል።

የእኛ ሰው ታክሲ ውስጥ መስኮት ሲከፈት «ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል» ብሎ የሚጨቃጨቀውን ነገር ሞተር ላይም ይዞት የሚወጣ ይመስለኛል። የመጀመሪያ ሐሳቡ ሁሉንም መዝጋት ነው። ረጅሙን፣ ሰፊውን መስታወት ይገዛል። ትልቅ መስታወት ደግሞ ከኋላው የሚፈጥረው ጎደሎ ቦታ ትልቅ ነው። አንዳንዴ ጭንቅላቱን አስጥሎ ሽክርክሪቱን ከጀርባ አምጥቶ ትከሻውን ሲገፋው ይውላል። ለዚህ ነው ከመስታወቱ ሥር ወይም መሀል ላይ አየር የሚያስገባ ክፍተት ከከፍታው በላይ ዋጋ ያለው፤ የገባው አየር ጎደሎውን ይሞላዋል፣ ከላይ የሚመጣውም መጣደፉን ይተዋል። ሃርሊ ዴቪድሰን በ2014 ሞዴል ትልልቅ የጉዞ ሞተሮቹ የፊት ሽፋን ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ የአየር ቀዳዳ ያወጣው ለዚሁ ነው። ንፋስ ለመከላከል በተሠራ ሽፋን ላይ፣ ንፋሱ እንዳይንጥ ብለው ቀዳዳ አወጡ።

ሌላው ነገር ፍጥነት ነው። የንፋስ ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ቨርጂኒያ ውስጥ ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው የተራራ መንገድ ላይ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 35 ማይል ነው፤ 56 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከተራራው ወርዳችሁ አይ-81 የሚባለው ሀይዌይ ላይ ስትገቡ ብዙው ቦታ 70 ማይል ነው። ልክ እጥፍ። ስለዚህ ተራራው ላይ «ይህ ሞተር ምንም ንፋስ የለውም» ያላችሁት ሰዎች ሸለቆው ውስጥ ስትገቡ ደረታችሁ ላይ አራት እጥፍ ይጫናችኋል። በዚያ ላይ አይ-81 የከባድ መኪና መንገድ ነው። ከትልቅ መኪና ኋላ ያለውን አየር መኪናው አስቀድሞ በጥብጦታል፤ እዚያ ውስጥ ሆናችሁ የትኛውንም ዲፍሌክተር አትፈትኑ። ውጤቱ ውሸት ነው።

ሳይገዙ መፈተሽ

ነጻና ቀጥ ያለ መንገድ ፈልጉ፤ ንፋስ የሌለበት ቀን ይሁን። የተለመደውን የረጅም መንገድ ፍጥነታችሁን ያዙና መርገጫው ላይ ትንሽ ከመቀመጫው ተነሡ፤ ጭንቅላታችሁ ከመስታወቱ መስመር በደንብ እስኪያልፍ ድረስ። ንፋሱ ጠንከር ይላል፣ ግን መናጡ ቆሞ ድምፁ አንድ ወጥ ከሆነ ያገኛችሁት ንጹሕ አየር ነው። ከዚያ ቁጭ በሉና ቀስ እያላችሁ አጎንብሱ፤ አገጫችሁን ወደ ታንኩ አቅርቡ። የሆነ ቦታ ላይ ድንገት ጸጥ ይላል። ከተለመደው አቀማመጣችሁ እስከዚያ ድረስ ስንት ጣት ዝቅ እንዳላችሁ ልብ በሉ። ቁልፉ ያ ልኬት ነው።

አራት አምስት ጣት ዝቅ ስትሉ ጸጥ ካለ፣ ዲፍሌክተር የተሠራው ለእናንተ ነው። ታንኩ ላይ እስክትተኙ ጸጥ የማይል ከሆነ ግን ትንሽ ክንፍ አያድናችሁም፤ ረጅም መስታወት ወይም ብራኬት (መስታወቱን የሚይዘው ማቀፊያ) ነው የሚያስፈልገው። ተነሥታችሁ ንጹሑን አየር ወዲያው ካገኛችሁት ደግሞ ተቃራኒውን አስቡ፤ አጭር መስታወት።

አንድ ፈተና አለ፣ ነገር ግን አንድ እጅ ከመሪው መልቀቅ ስለሚጠይቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግራ እጃችሁን ዘርግታችሁ መዳፋችሁን ከመስታወቱ ጫፍ በላይ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ትታችሁ ዘንበል አድርጋችሁ ያዙት። መናጡ ከቀነሰ ክንፏ ምን እንደምትሠራ በነጻ አያችሁ። መዳፉን ከፍ ዝቅ፣ ዘንበል ቀና ስታደርጉት ልዩነቱ ጆሮ ላይ ይሰማል። ለጀማሪ ግን አይሆንም፤ ያለ እሱም ይቻላል።

መስታወቱን ጨርሶ አውልቆ መሞከርም አለ። ሰው ይሄን ስነግረው ይስቃል። አራት ብሎን ነው፣ ዋጋውም ዜሮ። ደረታችሁን ይገፋችኋል፣ ጭንቅላታችሁ ግን ጸጥ ካለ ችግሩ የመጣው ከመስታወቱ ነው ማለት ነው፤ ከመንገዱም ከሄልሜቱም አይደለም።

ሄልሜቱም ግን አይረሳ። ከላይ ጥላ ያለው የአድቬንቸር ሄልሜት ጥላዋ ንፋስ ትሰበስባለች፤ ፈትቶ ማየት ነው። የላላ ሄልሜት ደግሞ በማንኛውም ንፋስ ይርገበገባል፤ ለዚያ ዲፍሌክተር መግዛት ሌላ በሽታ ማከም ነው።

ድምፅን በተመለከተ ደግሞ ቁርጡን ልንገራችሁ። ዲፍሌክተር መናጡን ሊያጠፋ ይችላል፣ ድምፁን ግን አያጠፋም። በረጅም መንገድ ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ ያለው ድምፅ ከ95 ዴሲቤል በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም የሚመክረው ገደብ ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው፤ ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ማለት ነው። ከፋርማሲ በጥቂት ዶላር የምትገዙት የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ለጆሮ የሚያደርገውን የመቶ ዶላር ክንፍ አታደርገውም። አንዳንድ ስቴቶች ሁለት ጆሮ መድፈንን በተመለከተ ሕግ ስላላቸው የምትኖሩበትን አጣሩ።

በመቆንጠጫ የሚታሰረው

ብዙ ሰው ዲፍሌክተር ሲል የሚያስበው ይሄን ነው። የጀርመኑ ኤምአርኤ ኤክስ-ክሪን የሚለውን ይሠራል፤ የስፔኑ ፑይግና የጣሊያኑ ጂቪም የየራሳቸው አላቸው። ክንፏ ሁለት ክንድ አላት፤ ክንዶቹ መታጠፊያ አላቸው፣ ጫፋቸው ላይ መስታወቱን የሚነክስ መቆንጠጫ አለ። ትልቁ ጥቅሟ መታጠፊያው ነው፤ ከፍታውንም ዘንበል ማለቱንም ለየብቻ ማስተካከል ትችላላችሁ። ሌላው ጥቅሟ መስታወቱ ሳይበሳ መታሰሯ ነው፤ ሞተሩን ስትሸጡ ነቅላችሁ ለሚቀጥለው ታደርጓታላችሁ።

አተሳሰሯን ቀረብ ብለን እንይ። ብዙ ዕቃ እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። መጀመሪያ የመስታወቱን ጫፍ በለስላሳ ሳሙናና በውሃ ታጥቡና ታደርቁታላችሁ፤ የአሸዋ ቅንጣት ከመቆንጠጫው ጎማ ሥር ከቀረች በመንቀጥቀጡ መስታወቱን ስትፍቀው ትከርማለች። መቆንጠጫዎቹን ከመሀል እኩል አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ከሰፋ ክንፏ መሀሏ ይርገበገባል፣ ከጠበበ ትወዛወዛለች። ከዚያ በእጅ ጥብቅ እስኪል፣ ከዚያ በቁልፍ ትንሽ። መስታወት ፕላስቲክ ነው፤ እንደ ብረት የሚያጠብቀው ሰው ከወር በኋላ ከመቆንጠጫው ሥር የምትነሣ ቀጭን ስንጥቅ ያገኛል። ክንፏና መስታወቱ መሀል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ብዙ ሰው ክፍተቱን የጉድለት ያህል ቆጥሮ ክንፏን ከመስታወቱ ጋር ያጣብቃታል። እንደዚያ ከሆነ ያገኘው ረጅም መስታወት ነው፤ ክንፏ ደግሞ ውጤታማ የምትሆነው በዚያ ክፍተት በሚያልፈው ፈጣን አየር ነው። መጀመሪያ ከመስታወቱ ዘንበል ጋር ትይዩ አድርጓት፣ ነድታችሁ እዩ፣ ከዚያ ትንሽ ትንሽ ቀና አድርጓት። ቀጥ ብላ ከቆመች ራሷ ሌላ ሽክርክሪት ትፈጥራለች።

እይታ ላይ ያላትን ጉዳት ሻጭ አይነግራችሁም። አሁን ዓይናችሁ ፊት ሁለት ጠርዝ አለ። ቀን ቀን ትለምዱታላችሁ። ሌሊት ዝናብ ሲዘንብ ከፊት የሚመጣ መብራት በሁለቱም ጠርዝ ላይ ይሰነጠቅና መስመር መስመር ይሠራል። ስለዚህ የክንፏ የላይኛው ጫፍ ከዓይናችሁ በታች፣ አፍንጫችሁ ጫፍ አካባቢ ይሁን፤ መንገዱን በላይዋ እንጂ በውስጧ አትዩት።

ከቻይና የሚመጡት ተመሳሳዮች 20 እና 30 ዶላር ናቸው፣ ስም ያላቸው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያስከፍላሉ። ልዩነቱ ፕላስቲኩ ላይ አይደለም፤ መታጠፊያው ላይ ነው። ርካሹ በ50 ማይል ትክክል ትሠራለች፣ በ75 ንፋሱ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ያጥፋታል፤ ቆማችሁ ታቀኗታላችሁ፣ እንደገና ትታጠፋለች። ለሙከራ ያህል ግን አልጠላትም። ችግራችሁን የምትፈታ መሆኗን በ25 ዶላር አይታችሁ፣ ከፈታች ደህናዋን ግዙና ርካሿን ለጓደኛ ስጡ።

የሚለጠፈው

ላሚናር ሊፕ የሚባለው አሜሪካ ውስጥ የታወቀ ነው። ለየሞተሩ በልኩ ተቆርጦ ይመጣል፤ ከመስታወቱ ጫፍ ፊት ለፊት ላይ ዱዋል ሎክ በሚባለው የሦስት-ኤም ማያያዣ ይለጠፋል። ማያያዣው ሁለት ፊት አለው፣ ሲጫኑት ጠቅ ብሎ ይነካከሳል፣ ሲስቡት በጉልበት ይለቃል። በመስታወቱና በእሱ መሀል ክፍተት ስለሚተው አየሩ በዚያ ውስጥ ያልፋል።

መልኩ ከሁሉም ያምራል፤ ከሩቅ የሞተሩ አካል ይመስላል። ክንድ የለ፣ መታጠፊያ የለ፣ የሚላላ ብሎን የለ። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል፤ አንዴ ከለጠፋችሁት ማስተካከያ የለውም። ከቁመታችሁ ጋር ከገጠመ እሰየው፣ ካልገጠመ ማንሣት ነው። ስትለጥፉ መስታወቱ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ጋራዥ ውስጥ በብርድ አትለጥፉ፣ ሙጫ ሙቀት ይወዳል። ለጥፋችሁም ወዲያው ወደ ሀይዌይ አትውጡ፤ አንድ ሌሊት ይደርበት።

ብራኬት

የፍሎሪዳው ማድስታድ የሚሠራው ብራኬት የቪ-ስትሮም ነጂዎች መሀል ስሙ ትልቅ ነው። ዲፍሌክተር አይደለም፤ መስታወቱን ራሱን የሚይዘውን ነገር ነው የሚቀይረው። በእጅ በሚዞር ቁልፍ መስታወቱን ከፍ ዝቅ፣ ዘንበል ቀና ማድረግ ይቻላል፤ ከሁሉ በላይ መስታወቱን ከሞተሩ አፍንጫ ትንሽ አርቆ ከሥሩ አየር እንዲገባ ያደርጋል። ያ ቅድም ያልኳችሁ ክፍተት ማለት ነው።

የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው። ለሞተራችሁ እንዲህ ያለ ብራኬት ካለ፣ ከክንፍ በፊት እሱን አስቡ። ክንፍ መስታወቱ ያበላሸውን አየር ከጫፍ ላይ ልታርም ትሞክራለች፤ ብራኬት ግን ችግሩ የሚነሣበትን ቦታ ይነካል። ዋጋው ከክንፏ ይበልጣል፣ ሥራውም ግማሽ ቀን ሊወስድባችሁ ይችላል። ደግሞ ለሁሉም ሞተር አይሠራም፤ ለእናንተው ከሌለ ወደ ክንፏ መመለስ ነው።

ረጅም መስታወት፣ አጭር መስታወት

ብርድና ዝናብ ውስጥ ብዙ የምትነዱ፣ ወይም ከኋላ ሰው የምትጭኑ ከሆናችሁ ረጅምና ሰፊ መስታወት ቦታ አለው። ክንፍ ትከሻና እጅ አታስጥልም። ረጅሙን ስትመርጡ ግን ልኩን ከአፍንጫ አታሳልፉት። ዝናብ ሲዘንብ በመስታወቱ ውስጥ ማየት ግዴታ የሚሆንባችሁ ከሆነ፣ መጥረጊያ የሌለው መስታወት ውስጥ እያያችሁ ነው የምትነዱት። ትልቅ መስታወት የጎን ንፋስም ይሰበስባል። ሜሪላንድ ውስጥ የቼሳፒክ ቤይ ድልድይን የምታቋርጡ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ 4 ማይል ከምናምን ርዝመት አለው፣ ከባሕሩ በላይ ከፍ ብሎ ነው፣ ንፋስ ሲበረታ ተሽከርካሪ ላይ ገደብ የሚጣልበት ጊዜ አለ። እዚያ ላይ ትልቅ መስታወት መሪው ላይ ይታወቃል።

አጭሩ የሚሆነው ረጅም ለሆነ ሰውና ጭንቅላቱ ብቻ ለሚናጠው ነው። ከ1 ሜትር ከ85 በላይ የሆነ ሰው ብዙ ሞተር ላይ በክንፍም በረጅም መስታወትም ጸጥታ ለማግኘት ሲታገል ይከርማል፤ አጭሩን ሲያደርግ ሽክርክሪቱ ደረቱ ላይ ይወርድና ጭንቅላቱ ንጹሕ አየር ውስጥ ይቀራል። ድምፁ አለ፣ መናጡ የለም። ለበጋ ከዚህ የተሻለ የለም። ለክረምት አልመክርም።

አንዳንዴ ደግሞ ንፋሱ የሚመጣው ከላይ አይደለም። በፊት አሞርዛተሮቹና በታንኩ መሀል ሾልኮ ከታች ወደ አገጭ ይወጣል። የሄልሜታችሁ አገጭ ወደ ላይ የሚነሣ፣ የጃኬታችሁ ኮሌታ የሚርገበገብ ከሆነ ይሄ ነው። ከላይ ምንም ብትጨምሩ አይጠቅምም። ለዚህ አሞርዛተሩ ላይ ወይም ከታንኩ ጎን የሚታሰሩ ትንንሽ መከለያዎች አሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ክፍተቱን በካርቶንና በፕላስተር ለጊዜው ዘግታችሁ በዝግታ ሞክሩት፤ ካርቶኑ መሪውን እንዳይዝ ግን ቆማችሁ ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻው አዙሩት።

ታዲያ የቱን?

ሄልሜታችሁ ላይኛው ክፍል ብቻ የሚናጥ፣ በጥቂት ጣት ዝቅ ስትሉ ጸጥ የሚልላችሁ ከሆነ፦ ማስተካከያ ያላትን ባለ መቆንጠጫ ክንፍ። አንድ ሰው ብቻ የሚነዳው ሞተር ከሆነና ቁመታችሁ መካከለኛ ከሆነ ተለጣፊው መልኩም ንጽሕናውም ያዋጣል፤ ባልና ሚስት የሚቀያየሩበት ሞተር ላይ ግን አይሆንም፣ አንዱን ያስደስትና ሌላውን ይንጠዋል። ከኋላ የሚገፋችሁ ወይም ትልቅ መስታወት አድርጋችሁም ያልለቀቃችሁ ከሆነ፦ ክፍተት የሚከፍት ብራኬት። ረጅም ከሆናችሁ፦ መጀመሪያ አውልቃችሁ ሞክሩ። በአብዛኛው ከተማ ውስጥ የምትነዱ ከሆነ፦ ምንም አትግዙ፣ ጆሮ መድፈኛና ልክክ ያለ ሄልሜት ይበቃል።

አገር ቤት ቦክሰርና የመሳሰሉትን ትንንሽ ሞተሮች የምትነዱም እዚሁ መጨረሻው ላይ ናችሁ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው የንፋስ ግፊት በ120 ካለው ሩብ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ስላላት አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ግፊቱም እንደዚያው ይቀንሳል። እናንተን የሚያሰቃያችሁ ብርድና አቧራ ነው፤ ለእሱ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ባለ መስታወት ሄልሜት እንጂ ክንፍ አያስፈልግም።

ካሰራችሁ በኋላ

ብዙዎቹ መስታወቶች ፖሊካርቦኔት ወይም አክሪሊክ ናቸው። አሞኒያ ያለበትን የመስኮት ማጽጃ አትንኩ፣ ያደበዝዘዋል፣ ያሰነጥቀዋልም። የደረቀ ነፍሳት ካለ እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁት ቆዩና ጥረጉ፤ በደረቁ መፋቅ መስታወቱን መጨረስ ነው። ብሎን እንዳይላላ የሚቀባው ፈሳሽ ሙጫም ፖሊካርቦኔትን ይበላል። በምትኩ ፕላስቲክ ቀለበት ያለው ዳዶና የጎማ ሮንዴላ ተጠቀሙ።

ፀሐይ ሌላ ጉድ አላት። ጎበጥ ያለ ጥርት ያለ መስታወት በተወሰነ ማዕዘን ጨረር ሰብስቦ የሞተሩን ሰሌዳ ሊያቀልጥ ይችላል፤ ረዥም ሰዓት ስታቆሙ ሸፍኑት ወይም ፊቱን አዙሩት።

መሪው ላይ ለታሰረ መስታወት ትልቅ ክንፍ አታብዙበት። ንፋሱ ክንፏን ሲይዝ መሪውን ነው የሚይዘው። በከፍተኛ ፍጥነት ሞተሩ መዋዠቅ ከጀመረ ቀስ ብላችሁ ጋዙን ቀንሱና ክንፏን ፍቱ፤ ከዚያ ወዲያ መሞከር አያስፈልግም። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ የምትገዙት ዕቃ አቤኤ የሚባለው ፈቃድ ያለው መሆኑን ተመልከቱ፤ ወረቀት የሌለው ክንፍ ፍተሻ ላይ ጣጣ ያመጣል።

ስታስተካክሉ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ሄልሜት ይሁን። ከፍታውን ቀይራችሁ ዘንበሉንም ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ጥሩውን ቦታ ስታገኙ ክንዱ ላይ በትንሽ ፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ ስታጥቡት መነካቱ አይቀርም። ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እዩ። የሚመለስበት ጊዜ ካለው ሱቅ ብትገዙ ይሻላል፣ ጊዜው ሳያልፍም ቶሎ ሞክሩት። የፋብሪካውን መስታወት ግን ከነብሎኑና ከነጎማው በአንድ ፌስታል አስራችሁ አስቀምጡት፤ ሞተሩን የምትሸጡ ቀን ገዢው መጠየቁ አይቀርም።